የዘመድ ቀረጥ

እትዬ ሸዋረገጥ በሕይወታቸው አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ይህን የምናውቀው እኔና ፈድሊያ ብቻ ነን። እኔ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ውስጥ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ ፈድሊያ ደግሞ ከጎናቸው ጨርቅ ትሸጣለች። ሲከፍቱም ሲዘጉም ስለምናያቸው የት ወጥተው የት እንደገቡ አይጠፋንም። ሌላው የከተማው ሰው ግን ዱባይን እንደ ጓሯቸው ያውቋታል ብሎ ያምናል። አይፈረድበትም። ደንበኛ ስለ አንድ ሽቶ ሲጠይቃቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ «ይሄማ ኤርፖርቱ ውስጥ ከመውጫው በር በስተግራ ነው የሚደረደረው» ይላሉ። የትኛው ኤርፖርት፣ የትኛው በር ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልተገኘም።

ሱቁ «ሸዋ ዱቲ ፍሪ» ይባላል። መጀመሪያ ማስታወቂያውን የጻፈው ሰዓሊ «ዱቲ ፍሬ» ብሎት ስለነበር፣ ከሰቃና ከየቡ የሚመጡ ገበሬዎች «ዱቲ የሚባለው የአቮካዶ ችግኝ ገባ?» እያሉ በር ላይ ይሰለፉ ነበር። ፊደሏ ስትስተካከል ደግሞ ነርሶቹ ተረከቡ። በእነሱ ቋንቋ ዱቲ ማለት የአዳር ተራ ስለሆነ፣ «እትዬ፣ እዚህ የሚስተናገደው ተረኛ ያልሆነ ብቻ ነው?» ይላሉ እየሳቁ። በኋላ ሁሉም ለመደ። ከመልመድም አልፎ ቃሉን የራሱ አደረገው። ዛሬ ጅማ ውስጥ ዱቲ ፍሪ ማለት ቀረጥ ያልተከፈለበት ማለት አይደለም፤ እውነተኛ ማለት ነው። ማር የሚገዛ ሰው «ዱቲ ፍሪ ነው ወይስ ስኳር ገብቶበታል?» ብሎ ይጠይቃል። ዱቲ ፍሪ ሐኪም አለ፣ ዱቲ ፍሪ እጮኛ አለ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ውስጥ አንዲት ሴትዮ በሌላዋ እንባ ላይ ይህንኑ ጥያቄ ስታነሳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አባታቸው አቶ ሽበሺ ከሸዋ መጥተው አጋሮ የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ባላቸው ደግሞ የአይሱዙ ሹፌር ነበሩ፤ ሲሞቱ የተዉላቸው አንዲት ሴት ልጅና አዲስ አበባ የሚመላለሱ ብዙ ሹፌር ጓደኞችን ነው። የሱቁ ዕቃ የሚመጣው በእነዚህ ጓደኞች ነው። አንዳንዱ ዕቃ በአውሮፕላን መጥቶ ይሆናል፤ እኔ ግን ያየሁት ከአይሱዙ ሲወርድ ነው፣ ከሽንኩርት ጋር።

ታዲያ ሰዉ ለምን ይገዛል? እዚህ ላይ ነው የእትዬ ሸዋረገጥ ብልሃት። አንድ ቀን፣ ሱቁ ገና ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥ ተራ ሱቅ ሳለ፣ ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ ጎረምሳ ሻንጣውን በራቸው ላይ አስቀምጦ ቁጭ አለ። ለስላሳ ጠጣ። ደግሞ ጠጣ። አልሄድ አለ።

«ልጄ፣ አገርህ የት ነው?» አሉት።

«የቡ።»

«እሷማ ቅርብ ናት። ምን አስቀመጠህ?»

«ባዶዬን ነኝ እትዬ» አለና አንገቱን ደፋ።

ከመደርደሪያቸው ሳሙና፣ ቅባትና ብስኩት አውርደው ልጁ ከኤርፖርት ይዞት በመጣው ፌስታል ውስጥ ከተቱለት። ፌስታሉ ላይ በእንግሊዝኛ ዱቲ ፍሪ ይላል። ከጊዜ በኋላ የልጁ አክስት ሄርማታ መጥታ፣ «የእኔ ልጅ ከጆሃንስበርግ ያመጣልኝ ሳሙና እኮ አረፋው ልዩ ነው!» ስትል ሰሟት። ሳሙናው የራሳቸው ነበር። እትዬ ሸዋረገጥ የዚያን ቀን የገባቸው ነገር የትኛውም ዩኒቨርሲቲ አያስተምረውም። መንገደኛ ቦሌ ላይ የሚፈተሸው ለወጉ ነው። ዋናው ፍተሻ ቤት ነው ያለው፤ ማሽኑ ያላየውን አክስት ታየዋለች። ባዶ እጁን የገባን ሰው ወደ መጣበት ባይመልሱትም፣ ከመመለስ የባሰ ይደርስበታል።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ የሚኖረው በእነዚህ ሰዎች ነው። ከውጭ መጥተው ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ወይም ወደ ሰቃ ከመሄዳቸው በፊት በባጃጅ ሹልክ ብለው ይመጣሉ። እትዬ ሸዋረገጥ ስንት አክስት እንዳለ ይጠይቁና ሻንጣውን ራሳቸው ይሞላሉ። ቸኮሌት ከላይ፣ ምክንያቱም ሕፃናት መጀመሪያ ይደርሳሉ። ሽቶ ከመሐል። ከሥር ደግሞ ለተቀያሚ ዘመድ የሚሆን ሻርፕ፤ ተቀያሚ ዘግይቶ ስለሚመጣ። ፌስታሉን ጨምደድ፣ ጨምደድ ያደርጉታል፣ መንገድ የደከመው እንዲመስል። ስንቷ ልጅ ከእሳቸው ሱቅ አንገቷን ቀና አድርጋ ወጥታለች! ይህን ሳይ እስቅ ነበር፤ አሁን አልስቅም።

ባለፈው ዓመት ታዲያ «የገበያ ትስስር ስብሰባ አለ» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። በእኛ ከተማ የገበያ ትስስር ከተባለ ትርጉሙ አንድ ነው፤ መንግሥት ገዢ ፈልጎልሃል ማለት ነው። ስለዚህ ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር ብሎኬት አምራቾቹ ከነብሎኬታቸው፣ ከመንደራ ቆጪ ባልትና አዘጋጆቹ ከነበርበሬያቸው መጥተው አዳራሹን ሞሉት። አንድ አናጢ ቁም ሣጥን አሸክሞ መጥቶ በሩ አላስገባው ብሎ ውጭ ይሟገታል። እኔም ሄድኩ። አበል አለው ሲባል ሰምቼ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያ ግን ይዘው የመጡት ገዢ ሳይሆን አፍሪካን ነበር። ካርታዋን ግድግዳው ላይ አብርተው፣ አገሮች እርስ በርስ በየደረጃው ቀረጥ እንደሚያነሱ፣ ዕቃም ከካይሮ እስከ ኬፕታውን እንደ ልቡ እንደሚመላለስ አስረዱ። በርበሬው ያስነጥሳቸዋል፣ እሳቸው ያስረዳሉ። አውሮፓውያን ገበያቸውን ሲያዋህዱ በመካከላቸው የሚጓዝ ሰው ከቀረጥ ነፃ ሱቅ መግዛቱ ቀረ አሉ። ቀረጥ ከሌለ ከምን ነፃ ይሆናል? እኛም ብዙ ዓመት ቢፈጅብንም ወደዚያው ነን አሉና፣ ሰዉ እንዲገባው ብለው በአጭሩ ጠቀለሉት።

«ባጭሩ፣ ወደፊት ሁሉም ነገር ዱቲ ፍሪ ይሆናል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ብሎኬት አምራቾቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። አንዲት እናት እልል አሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ሲሚንቶውም?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለሙያው ስለ ታሪፍ ያወራሉ፣ ሕዝቡ ስለ እውነት ያጨበጭባል። እንዲህ የተግባባ ስብሰባ አይቼ አላውቅም።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይስቃል ይባላል። እትዬ ሸዋረገጥ አላለቀሱም፤ እጃቸውን አወጡ።

«ጌታዬ፣ ከውጭ የሚመጣ ልጅ ከእንግዲህ ምን ይዞ ቤቱ ይገባል?»

«ምንም መያዝ አያስፈልገውም፣ እናቴ። ለምን ይሸከማል? ዘመዶቹ እዚሁ በየሱቁ ያገኙታል።»

ጭብጨባው ቆመ። «እዚህ ካለማ ምኑን አመጣው?» አለች ፈድሊያ፣ በልቧ ያሰበች መስሏት ጮክ ብላ።

«ይሄ እንግዲህ ባህላዊ ጉዳይ ነው» አሉ ባለሙያው።

«አይደለም ጌታዬ፣ ቀረጥ ነው» አሉ እትዬ ሸዋረገጥ። «የመንግሥቱን እናንተ ታነሱታላችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። የዘመዱንስ ቀረጥ ማን ያነሳዋል?»

ባለሙያው ወረቀታቸውን አገላበጡ። ስብሰባውን የሚመሩትን ሰው አዩ፤ እሳቸውም ጣሪያውን አዩ። «እሱ በስምምነቱ አልተካተተም» አሉ በመጨረሻ። «በሁለተኛው ምዕራፍ ሊታይ ይችላል።»

አበል አልነበረም። የታሸገ ውሃ ግን ሰጡን።

«ብዙ ዓመት ቢፈጅብንም» የምትለዋን ቃል ከአዳራሹ ይዞ የወጣ ሰው የለም። ከተማው ሁሉ ነገ ጠዋት የሚሆን አድርጎ ወሰደው። ሽቶ የለመደች ሴት «ሊረክስ ነው» ብላ ጠርሙሷን ውሃ እየጨመረች መጠበቅ ጀመረች። ይባስ ብሎ አክስቶቹ ቸኮሌት ሲሰጣቸው «እሱማ በየቤቱ ሊደረደር አይደል» እያሉ ፊት ያዞሩ ጀመር። ይህን የሰማ መንገደኛም ወደ ሱቁ መምጣቱን ተወ፤ በባዶ እጅ መገባት ተጀመረ ብሎ ሳይሆን፣ ምን ይዞ እንደሚገባ ስለጠፋው ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ መንገደኞች አብረው መናኸሪያው ውስጥ ተቀምጠው ሲጨነቁ አይቻለሁ። እትዬ ሸዋረገጥ ሱቃቸው ውስጥ ዝንብ እያባረሩ ዋሉ። ቀለል ያሉ ቀኖች አልነበሩም።

«እሱባለው» አሉኝ አንድ ከሰዓት መንገዱን ተሻግረው መጥተው፣ «ይሄ ሱቅ ከተዘጋ እኔ ማን ነኝ? የሹፌር ሚስት የነበርኩ ባልቴት ነኝ እኮ። ደህና ዋልሽ የሚለኝ እንኳ አይኖርም።»

«ኧረ ተዉ እትዬ» አልኳቸው።

መፍትሔው ግን ከልጃቸው መጣ፤ እሳቸው እንደዚያ ነው ያሰቡት። ጽዮናዊት አረብ አገር ሰው ቤት ከተቀጠረች ዓመታት ሆኗታል፤ አሁን ልትመለስ ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ሲጮሁ እኔ ሱቅ ድረስ ይሰማል። «ስሚኝ ልጄ፣ ያለሽን ሁሉ ከኤርፖርቱ ሱቅ ግዢበት! ከነማሸጊያው! ከነደረሰኙ! ድንበሩ ሳይከፈት የገባ የመጨረሻው ዱቲ ፍሪ ብዬ እሸጠዋለሁ፣ ሱቄም ይድናል።» ከዚያኛው ወገን «እሺ እማዬ» ከማለት ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም። እሺታዋ ትንሽ ቀጠን ያለ ነበር፤ መስመሩ ነው ብለን አለፍነው።

ወሬው ከመንደራ ቆጪ እስከ አጋሮ ደረሰ። የባላቸው እህት ወርቅዬ፣ የቤተሰቡ ዋና ጉምሩክ ማለት ናት፣ ቀኑን ቆርጣ ዘመዱን ሁሉ መንደራ ቆጪ እትዬ ሸዋረገጥ ቤት እንዲሰበሰብ አዘዘች። አቶ ኃይለሚካኤል የተባሉት አጎት ከአጋሮ የሚመጡት ባዶ ዘንቢል ይዘው እንደሆነ ቀድመው አስታወቁ።

በቀኑ ከእትዬ ሸዋረገጥ ጋር በባጃጅ ኤርፖርት ሄድኩ። እኔ የተፈለግኩት ለሸክሙ ነው። ጽዮናዊት ወጣች። ከስታለች፣ ጠቁራለች፤ ያም ሆኖ ስትስቅ የድሮዋ ናት። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲላቀሱ፣ እኔ ትልቁን ሻንጣ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ወገቤን አስተካክዬ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሣሁት። ወደ ኋላ ልወድቅ ነበር። ሻንጣው ውስጥ ምንም የለም።

እትዬ ሸዋረገጥ አዩኝ። ስንቱን ሻንጣ የሞሉ ሴት ናቸው፤ በሰው ትከሻ ላይ ሲውል ብቻ አይተው ውስጡን ያውቃሉ። ልጃቸውን አቅፈው ወደ ባጃጁ አመሩ። ባጃጁ ውስጥ ገብተን ሹፌሩ ወደ መንደራ ቆጪ ሊታጠፍ ሲል ግን ትከሻውን መታ አደረጉት።

«ወደ ሄርማታ።»

«ሰው እየጠበቀ አይደል እንዴ እናቴ?»

«ሄርማታ አልኩህ!»

ሱቁ ውስጥ ገብተን በሩን ዘጉት። ጽዮናዊት የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

«አልከፈሉኝም እማዬ» አለች። «የመጨረሻውን ዓመት በሙሉ አልከፈሉኝም። ትኬቱን ራሱ የቆረጡልኝ አልቅሼ ለምኜ ነው። ልነግርሽ እልና ስለ ሱቁ ስታወሪኝ ያቅተኛል።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ኤርፖርቱ ውስጥ ያለውን ሱቅ ግን አየሁት። እንዴት እንደሚያበራ! ደግሞ ልክ አንቺ እንደምትዪው፣ ሽቶው ከበሩ በስተግራ ነው።»

እትዬ ሸዋረገጥ ለዘመናት የዋሹት ነገር እውነት መሆኑን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ደስ ያላቸው አልመሰለኝም።

«ለሙከራ ብለው የሚያስቀምጡት ጠርሙስ አለ» አለች ልጅቷ። «እሱን እጄ ላይ ነፋሁት። ላንቺ ብዬ። እንዳይለቅ እጄን ሳልታጠብ መጣሁ።»

ክንዷን ዘረጋችላቸው። በረኪና የበላው ክንድ ነው፤ ቆዳው ተላልጧል። እትዬ ሸዋረገጥ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና ረጅም ጊዜ አሸተቱት። ሽታው እንደለቀቀ ከፊታቸው አወቅሁ።

«እንዴት ደስ ይላል» አሉ።

እኔ የሻንጣውን ዚፕ የምጠግን መሰልኩ። ዚፑ ምንም አልሆነም።

ከዚያ እትዬ ሸዋረገጥ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተነሡ። «እሱባለው፣ መሰላሉን አምጣ» አሉኝ። ለሽያጭ የቀረበውንም፣ ለዓይን ብቻ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡትንም ሁሉ አስወረዱኝ። ቸኮሌቱን፣ ሽቶውን፣ ሻርፑን፣ መላጫ ማሽኑን። ስንቱን የሰው ልጅ እንዳስተናገዱት ልጃቸውን አስተናገዱ። «ወርቅዬ ስታገላብጥ ዓይንሽን እንዳትሰብሪ። ዋጋውን ከጠየቁሽ ረስቼዋለሁ በዪ፤ የሚረሳ ሰው ብዙ ያለው ይመስላል» እያሉ ያስጠኗታል። ሻንጣው አልዘጋ ሲል እኔን አስቀመጡብኝ። «ሱቁስ እማዬ?» ብላ ጠየቀች ጽዮናዊት። «አንቺ ዝም በዪ» አሏት። ይህን ያሉት ግን ፀጉሯን እየደባበሱ ነው። ስንወጣ ሻንጣው ወገቤን ሊቆርጠው ደረሰ።

መንደራ ቆጪ የነበረውን ለመናገር ጊዜ አይበቃም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ ያን ዕለት አመዱ ቦነነ። ጽዮናዊትን «እንዴት ከረምሽ?» ያላት አለ፣ መልሷን ግን የጠበቀ አልነበረም፤ ሁሉም ዓይኑ ሻንጣው ላይ ነው። ወርቅዬ ራሷ ከፈተችው። አቶ ኃይለሚካኤል መላጫ ማሽኑን ዘንቢላቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ፣ ለጎረቤታቸውም አንድ ጠየቁ። ወርቅዬ ግን ነገር አዋቂ ናት። ሽቶውን ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፣ ለብርሃን አነሣችው፣ ቸኮሌቱን በጥርሷ ጫፍ ቀመሰች። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ ይቺኑ ሽቶ ከሱቁ መደርደሪያ ላይ አንሥታ «ቅመም የነካው ውሃ ነው» ብላ የመለሰችው ባለፈው ፋሲካ ነው።

«ይሄ ነው እንጂ!» አለች ወርቅዬ በመጨረሻ። «ዱቲ ፍሪ ማለት ይሄ ነው! አይከፋሽና ሸዋረገጥ፣ አንቺ የምትሸጪው ከዚህ ጋር ይተያያል?»

«አይተያይም» አሉ እትዬ ሸዋረገጥ። «ከየት ተገናኝቶ።»

በማግስቱ ሄርማታ ላይ እኔ የማላውቀው ግርግር ሆነ። ወርቅዬ ያላዳረሰችው ሰፈር የለም፤ ሊረክስ ነው ብሎ የተቀመጠው ሁሉ ሐሳቡን ቀይሮ «ጽዮናዊት ያመጣችው ዓይነት አለ?» እያለ ይመጣል። እትዬ ሸዋረገጥ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው፣ «አልቋል» እያሉ ይመልሳሉ። ለስንት ወር ያልመጣ ገበያ፣ የሚሸጥ ነገር በጠፋበት ቀን መጣ። ዕቃ የሚያመጡት ሹፌሮች ደግሞ እንደ ድሮው በዱቤ አይሰጡም፤ እነሱም ስለ ትስስሩ ሰምተዋል። ሱቁ አበቃለት ማለት ነው። እኔ ከማዶ ሆኜ ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ግን አላወቅሁም፤ ወርቅዬ እንደሆነች የተወሰደባትን እንጂ የወሰደችውን አታስታውስም።

ሰዉ ሲቀንስ ፈድሊያ ሱቋን ትታ መጥታ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ማሻአላህ ሸዋዬ፣ ልጅሽ ዘመዱን ሁሉ አጠገበች አሉ። ወላሂ፣ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። ሜ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ላንቺስ ምን አመጣችልሽ?»

እትዬ ሸዋረገጥ ወደ ውስጥ ዞር አሉ። ጽዮናዊት ከባዶው መደርደሪያ ሥር ካርቶን አንጥፋ፣ የእናቷን ነጠላ ተከናንባ ተኝታለች። ቤት ውስጥ እንኳን ደህና መጣሽ ባዩ አላስተኛት ብሎ ነው።

«ራሷን» አሉ። «ዕቃ ዕቃውማ እኔ ጋ ሞልቷል።»

ፈድሊያ ቀና ብላ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያም የተኛችውን ልጅ አየች።

«ኤዬ፣ አዎን» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሞልቷል።» ልጅቷ እንዳትነቃም በሩን ገርበብ አደረገችው።